ወንድሜ ጎል ማግባት አቆመ፤ ትምህርቱንስ ያቁም?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የጅማ እህት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል ነው። የሰፈር ቡድን እያለ በየጨዋታው ሁለትም ሦስትም ያገባ ነበር። ዘንድሮ አንድ የወጣት ቡድን ወሰደው። ዘጠኝ ጨዋታ ተሰልፎ አንድም አላገባም። አሰልጣኙም ከመሀል አጥቂነት አንስቶ ወደ መስመር አወጣው። እናታችን ኳሱን ትቶ ይማር ትላለች። እሱ ደግሞ ትምህርቱን ትቼ ኳሱን ብቻ ልያዝ ይላል። በዚህ መሀል አንድ ሰው መጥቶ ብር ከሰጣችሁኝ ውጭ አገር ሙከራ አስገባዋለሁ አለን። አጥቂነት እንጀራ ይሆናል ወይ? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እዚሁ ጅማ ታዳጊ አጥቂዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆየሁ። ከዚያ በፊትም ራሴ ዘጠኝ ቁጥር ለብሼ ተጫውቻለሁ። ስለዚህ የምጽፍልሽ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው።

ከሚያጣድፈው ልጀምር። ለዚያ ሰውዬ አንድ ብር እንዳትሰጡ። አሁን እንዳትሰጡ፣ «ግማሹን ብቻ» ቢላችሁም እንዳትሰጡ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። የተፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ሲዛወሩ። የእናንተ ጉዳይ እዚያ ውስጥ አይገባም። ወንድምሽ 17 ነው፤ ስለዚህ ሙከራውን ቢያልፍ እንኳ አሁን የውጭ ክለብ ሊያስፈርመው አይችልም። ደግሞም የተጫዋች ወኪል የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስምም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ስሙን ጠይቂው፣ ፈልጊው። እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው ተጫዋቹ ውል ሲፈርም ከውሉ ላይ ነው እንጂ እናት ወርቋን ሸጣ አይደለም። ክለብ ልጅ ከፈለገ በራሱ ስም ደብዳቤ ይጽፋል። ወይፈን አሽጠው የሄዱ፣ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ፤ ከሁሉም የከበዳቸው ሰፈር ተመልሶ መታየቱ ነው። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ታኬታ አላሰሩም።

አሁን ወደ ዘጠኙ ጨዋታ እንምጣ። እኔ ብዙ መናገር የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ሰፈር ላይ ብዙ የሚያገባ ልጅ ቡድን ሲገባ ጎል ሲደርቅበት ማየት የተለመደ ነው። ለምን መሰለሽ? ሰፈር ሜዳው ጠባብ ነው። ተከላካዩ የሚያየው ኳሱን ነው። ፈጣን እግርና ጠንካራ ምት ያለው ልጅ ኳስ ይዞ አንዱን አብዶ ሠርቶ ያልፍና ይመታል፣ አለቀ። ቡድን ሲገባ ግን ተከላካዩ ኳሱን ትቶ እሱን ማየት ይጀምራል። ገና ኳስ ሳይደርሰው ጀርባው ላይ ሰው አለ። ኳስ ሲደርሰው ደግሞ መዞሪያ ቦታ የለም። ልጁ እግሩ የከዳው ይመስለዋል። እግሩ ግን ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ኳስ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው።

አንድ አጥቂ በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ እግሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ቢደመር ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን 88 ደቂቃ ምን ይሠራል? የአጥቂ ሙያ የሚባለው ይሄ ነው። የልጆቼን ልምምድ ለማየት የሚመጡ ወላጆች ሁሉም ምቱን ያያሉ። እኔ የማየው ግን ከምቱ በፊት ያሉትን አራት አምስት እርምጃዎች ነው። ጥሩ አጥቂ ከተከላካዩ ዓይን ይጠፋል። ተከላካዩ ኳሱንና እሱን ባንድ ጊዜ ማየት እንዳይችል ከጀርባው ይቆማል። ወደ ቅርቡ ቋሚ የሚሮጥ መስሎ ሁለት እርምጃ ይሄድና ተከላካዩ ሲከተለው ወደ ኋላ ይቆርጣል። ወይም ኳስ ልቀበል ብሎ ወደ አማካዩ ይወርድና ተከላካዩን ጎትቶ አውጥቶ ተከላካዩ በተወው ቦታ ይሮጣል። ሩጫው የሚጀምረው ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል፤ ቀድሞ ከጀመረም ኦፍሳይድ ነው። መነሻው የአቀባዩ አንገት ቀና ሲል ነው። ይሄ በትምህርት ይገባል። በተፈጥሮ የሚሰጥ ብቻ ነው የሚሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል፤ እኔ ከዜሮ ተነስተው የተማሩ ልጆች አሉኝ።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጥሽ። በሚቀጥለው ጨዋታው ደብተር ይዘሽ ሂጂ። ኳሱን ተዪው፣ እሱን ብቻ እዪ። ሦስት ነገር ቁጠሪ። አንደኛ፣ ስንት ጊዜ ወደ ጎል መታ። ሁለተኛ፣ ኳስ ከመስመር ሲሻገር ስንት ጊዜ ጎሉ ፊት ያለው ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሦስተኛ፣ ኳስ ሳይመጣለት ስንት ጊዜ ሮጠ። ሦስተኛው አሰልቺ ነው፣ ግን ዋናው እሱ ነው።

ቁጥሩን ካገኘሽ በኋላ ፍርዱ ቀላል ነው። በትልልቅ ሊጎች እንኳ ከአሥር ምት ጎል የሚሆነው በግምት አንዱ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት፣ በረኛና አጥቂ ብቻ ተፋጠው የሚመታው፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ይሳታል። ወንድምሽ በየጨዋታው ሦስት አራት ጊዜ ከጥሩ ቦታ እየመታ ካላገባ ተዪው፣ ምንም አልሆነም፣ ጎሉ መምጣቱ አይቀርም። በዘጠኝ ጨዋታ ውስጥ የመታው በጠቅላላው አምስት ጊዜ ከሆነ ግን ችግሩ አመታት ላይ አይደለም፤ ቦታው ላይ አይደርስም ማለት ነው። ያን ጊዜ በየቀኑ ሃምሳ ኳስ ወደ ባዶ ጎል ቢመታ የሚጠቅመው ትንሽ ነው። ብዙ ልጆች የሚያደርጉት ግን እሱን ነው፤ ያሳዝነኛል።

ቲዬሪ ሆንሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጅማ የአርሰናል ደጋፊ ሞልቷል። ሆንሪ እንግሊዝ ሲገባ የመስመር ተጫዋች ነበር። የአርሰናል አሰልጣኝ የነበረው ቬንገር መሀል አጥቂ አደረገው። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንድም ጎል አላገባም። ያንኑ የውድድር ዓመት በ26 ጎል ጨረሰ፤ በመጨረሻም 228 ጎል አግብቶ የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ይሄን የምነግርሽ ወንድምሽ ሆንሪ ይሆናል ለማለት አይደለም። ስምንት ጨዋታ የአንድን አጥቂ ዕጣ አይወስንም ለማለት ነው። ዘጠኝም አይወስንም።

ወደ መስመር መውጣቱንም እንደ ቅጣት አትቁጠሩት። መስመር ላይ ፊቱ ወደ ጎል ነው፣ ቦታ አለው፣ ተከላካይን ለብቻው ያገኛል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከልም ይማራል። አሰልጣኙ ለምን እንዳወጣው ግን ይጠይቀው። በአክብሮት፣ ከልምምድ በኋላ፣ ለብቻ። «ጋሼ፣ መሀል ለመመለስ ምን ማሻሻል አለብኝ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ እስካሁን አላስከፋኝም። ብዙዎቹ አይጠይቁም፤ ያኮርፋሉ።

ከአገራችንም ልጥቀስ። ጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደረሰች። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር። አጥቂያችን ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ በረኛው አዳነበት። አገር በሙሉ ጭንቅላቱን ያዘ። በኋላ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ታዲያ ሳላዲን እዚያ ቀረ? በ2006 ዓ.ም. የግብጹ አል አህሊ ወሰደው። ትልቅ ክለብ አጥቂን የሚመዝነው በአንድ ስህተት አይደለም። ከሳተ በኋላ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ልጆቼ ሲስቱ የምቆጣው ስለሳቱ አይደለም፤ ከሳቱ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ከተደበቁ ግን እቆጣለሁ።

እሺ፣ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ይሆናል። ግን አጭር እንጀራ ነው፤ ለጥቂቶች ነው፤ መሀሉም ይቆራረጣል። አንድ አጥቂ ሁሉ ነገር ቢሳካለት ከ20 እስከ 33 ዓመቱ ይጫወታል፣ ምርጡ ጊዜ ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። እዚሁ ከተማችን ያየነውን አስታውሺ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ በላ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያን ሰሞን ጅማ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ከአጂፕ እስከ መርካቶ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከአል አህሊ ጋር በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ተገናኘን፤ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ብናሸንፍም በድምር ውጤት ወደቅን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቡድናችን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት! ክለብ እንዲህ ከሆነ የአጥቂ ኑሮ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አስቢው። አጥቂ ሲያገባ ሁሉም ያቅፈዋል፣ ክለቡ ሲወርድ ወይም ጎሉ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚሸኘውም እሱ ነው።

አቡበከር ናስርንም አንሺ። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። ከዚያ በፊት የዮርዳኖስ ዓባይ የአንድ ዓመት 24 ጎል የሊጉ ክብረ ወሰን ሆኖ ለዓመታት ቆይቶ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በደደቢት ማልያ 25 አድርጎት ነበር። አቡበከር ያንን በአራት ጎል በለጠው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ጉዳት መጣና ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። አገሪቱ ያላት ምርጥ አጥቂ፣ ትልቅ ክለብ፣ ጥሩ ሐኪም፣ ሁሉም እያለ ነው ይሄ የሆነው። የኔዘርላንዱ አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተንም የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ28 ዓመቱ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ አልመለስ አለው። የእንግሊዙ አጥቂ ማይክል ኦወን በ19 ዓመቱ ቋንጃው ላይ ከተጎዳ በኋላ ያ የልጅነቱ ፍጥነት አብሮት አልኖረም። አጥቂ በሙሉ ፍጥነት ይነሳል፣ ባንዴ ይቆማል፣ ባንዴ ይዞራል፣ ከኋላ ይረገጣል፤ ቋንጃውና ጉልበቱ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

የራሴም የቆመው በ23 ዓመቴ ነው። ኳስ ተቀብዬ ስዞር ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያለሁበት ቡድን ወጌሻ አሸልኝ፣ በረዶ አደረገልኝ፣ «ተጣሞ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። ቀና ሰው ነበር፣ ያወቀውን አደረገ። ማንም ግን ምርመራ ሂድ አላለኝም፤ እኔም ቦታዬን እንዳልቀማ ፈርቼ ዝም አልኩ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሼ ገባሁ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ጅማቱ ተበጥሶ እንደነበር ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። እህቴ፣ ወንድምሽ ጉልበቱ ድምፅ ካሰማና በዚያው ቀን ካበጠ አጥንት ሐኪም ሳያየው ልምምድ እንዳይገባ። ማሸት ለደከመ ጡንቻ ነው፤ የተበጠሰ ጅማት ለስምንት ዘጠኝ ወር ያህል በሥርዓት መታከምና ማገገም ይፈልጋል።

ስለዚህ ትምህርቱን አያቁም። እናታችሁ ልክ ናት፤ ግን ግማሹን ነው ልክ የሆነችው፣ ኳሱንም መተው የለበትም። ልምምድ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ የት ይሄዳል? ትምህርት አቁመው ኳስ ብቻ የያዙ ልጆችን በየዓመቱ አያለሁ፤ የተረፈውን ሰዓት ልምምድ አይጨምሩበትም፣ በረንዳ ላይ ይቀመጡበታል። ከሰዓት ጫት ይመጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠዋት እግር ይከብዳል። እዚህ ጅማ ይሄን መደበቅ አንችልም። ቤቲንጉም አለ፤ ፊፋ ተጫዋች በእግር ኳስ ላይ እንዳይወራረድ ይከለክላል፤ ልጆቹ ግን ይሄን የሚያውቁት ስነግራቸው ነው።

ትምህርት ለኳሱም ይጠቅማል። ወንድምሽ ነገ ውል ሲቀርብለት ራሱ አንብቦ ይረዳዋል ወይ? የሚፈርመውን ወረቀት ቅጂ ሳይዝ የወጣ ተጫዋች ስንት አለ መሰለሽ። ደሞዝ ለወራት የዘገየባቸው ልጆች እኔ ጋ እየመጡ «ምን እናድርግ» ይላሉ፤ ውሉ የታለ ስላቸው የላቸውም። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ሰጥቶ ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይሄን ለመጠቀም ግን ወረቀት መያዝና መጻፍ ያስፈልጋል። ሌላም አለ፦ ጉልበቱ ቢከዳው፣ ወይም በ33 ቢያቆም፣ ማትሪክ ያለፈ ልጅ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ሊማር ይችላል። እኔ ያን በር በጊዜው ዘግቼው ነበር፤ በኋላ በማታ ትምህርት ነው የከፈትኩት፤ በጣም ከብዶኛል።

ዘግይቷል ብላችሁም አትሩጡ። ድሮግባ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውሉን የፈረመው በ21 ዓመቱ ነው። እንግሊዛዊው አጥቂ ጄሚ ቫርዲ በ25 ዓመቱ ሌስተር ክለብ እስኪገባ ድረስ በታችኛው ሊግ ነበር። 17 ዓመት ለአጥቂ ገና ነው። ደግሞ ማንም መጥቶ «ዕድሜውን ሁለት ዓመት እንቀንስለት» ቢላችሁ አባርሩት። ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ይታያል፤ እዚያ የተያዘ ልጅ ስሙ አብሮት ይኖራል።

የሜዳውን ነገር ደግሞ እንዲህ እናድርግ። አሁን ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ሌላው ይተኛል፣ እሱ ግን ይሥራ። ጭቃ ላይ ኳስ አይንከባለልም፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ንክኪው ካልተስተካከለ ወዲያው ይነጠቃል፤ ጥሩ አስተማሪ ነው። ታኬታው ረጅም ጥርስ ይኑረው፣ ካልሆነ ያንሸራትተዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ቋንጃውን የሚያጠነክር ሥራ ይሥራ፦ ይንበርከክ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይያዝለት፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይውደቅ። በአምስት አምስት ይጀምር። መሣሪያ አያስፈልገውም። የቡና ለቀማ ሲደርስ ገጠር ቤተሰብ ጋ የሚሄድ ከሆነም ይሂድ፤ ለአሰልጣኙ ቀድሞ ይናገር ብቻ። ሳይናገር የጠፋ ልጅ ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ያገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአንቺና ከእናታችሁ እፈልጋለሁ። ከጨዋታ ሲመለስ «አገባህ?» ብላችሁ አትቀበሉት። ዘጠኝ ቅዳሜ በተከታታይ «አላገባሁም» እያለ በር የገባ ልጅ አሥረኛው ላይ ኳስ ሲደርሰው የሚያየው በረኛውን አይደለም፤ የእናንተን ፊት ነው። ያኔ ቶሎ ይመታል፣ ወይም ኃላፊነቱን ሸሽቶ ለሌላ ያቀብላል። ይልቅ ደብተሩን አውጪና «ዛሬ ስድስት ጊዜ ሳጥን ውስጥ ገብተሃል፣ ባለፈው ሁለት ነበር» በይው። ዓይኑ ሲበራ ታያለሽ። እናታችሁም ምግቡን አቅርባ ስለ ፈተናው ትጠይቀው። የሚበላውን አትንፈጉት፤ ቆጮም እንጀራም ሽሮም ይበቃዋል፣ ሲገኝ እንቁላልና ወተት ይጨመር። ውድ የፕሮቲን ዱቄት የሚሸጡላችሁን አትስሙ።

ሁለት ጨዋታ ቆጥረሽ ስትጨርሺ ወንድምሽን ወደ እኔ ላኪው። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሜዳ ላይ ነኝ፤ ክፍያ የለውም። ታኬታውንና አንቺ የጻፍሽበትን ደብተር ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ የማየው ደብተሩን ነው።